የማክሰኞ ሽንኩርት

ፋብሪካው ሲዘጋ የወንዙ ውሃ ጠራ፣
የኛም ኪስ ተከትሎት ጥርት አለ በተራ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት የሠራ፣
የሦስት ቁጥርን ማሽን ሲያኮርፍ የሚያባብል፣
ቨርሊን ሃውግስታድ የሚሉት ሰው
ማክሰኞ ማታ ከጎኔ ይቀመጣል፤
መነጽሩን በክር ካንገቱ አንጠልጥሎ፣
ዐምሳ ስምንት ዓመቱን ጠባብ ወንበር ላይ አጥፎ፣ አደላድሎ።

እኔስ መምጣቴ ለነርስነት ነው፤
ያለ ባዮሎጂ መግቢያ በሩ ዝግ ነው አሉኝ፣
ያለ አንድ የጥበብ ኮርስም እንደዚያው።
ቀን የአረጋውያን ቤት አንሶላ ስቀይር ውዬ
እመጣለሁ፣ ያበጠ እግሬን በጫማዬ አዝዬ።
እሱን የላከው የሥራ አጦች ቢሮ ነው፤
የሚከፍሉለት ለሁለት ኮርስ ብቻ።
"ባዮሎጂውስ ይሁን፣ ሥዕል ለምን?" ብለው ሳቀ፤
"ሒሳብ አያያዝ ነበር የፈለግሁት፤ ቦታው አለቀ።"

መምህርት ኦስትሮቭስኪ በመረብ ከረጢት
ሽንኩርት ይዛ ገባች፣ ለሁለት ሰው አንድ።
"ከሆዱ ያለችውን ስሷን ልጣጭ ላጧት፣
አዮዲን ጠብ አድርጉ፣ መስታወት አልብሷት።"
የቨርሊን ሁለት ጣቶች ጫፍ የላቸውም፤
ማሽኑ በወሰዳቸው ዓመት እኔ አልተወለድኩም።
መቆንጠጫው እምቢ ሲለው እኔ ላጥኩለት፤
ዐይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፍቶ ብዙ ቆየበት።
"ይሄ ሁሉ ክፍል" አለ በመጨረሻ፣ "ተሰድሮ፣ ተጋጥሞ፣
አንድ በር የለውም፤ በየት ይወጣል? በየትስ ይገባል ደግሞ?"
መምህርቷ ውሃ ሳያንኳኳ እንዴት እንደሚገባ አስረዳች።
ጻፍኩት። ፈተና ላይ ይመጣል ብላለች።

ኮሪደሩን ተሻግረን ሥዕል ክፍል ስንገባ
መምህርት ፓ ሁዋ ቫንግ የተረፈውን ሽንኩርት ተበድራ
ጠረጴዛው መሐል በአንድ አምፑል ሥር አስቀምጣዋለች።
ሁሉም እርሳሱን ሲያንሸራትት ቨርሊን አልጀመረም፤
ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ወደ መብራቱ አነሣ፣
ጠርዙን በጥፍሩ ፈተገ፣ እንደ ሙክት ገዥ አገላበጠ።
"ጥጥ አለበት" አለኝ። "የኛ የጥድ ገላ ብቻ ነበር።"
ቆይቶም፣ ለኔ ይሁን ለሽንኩርቱ እንጃ፦
"ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ ሳወጣ፣ ስጠቀልል፣
አንዲት ጭረት አላሳረፍኩበትም፣ እንዳይቆሽሽ ስል።"

የሣለው ሽንኩርት አምፑሉን መሰለ።
"ጥላውስ?" አለችው ቫንግ።
"ጥላው ሽንኩርት አይደለማ!"
"ካልሣልከው ይንሳፈፋል፤ በምን ይረፍ ታዲያ?"

በሳምንቱ በረዶ ጣለ፤ ዊስኮንሲን ነው፣ አይገርምም።
ቨርሊን ከትምባሆ ጣሳ ውስጥ
የመጨረሻዋን ጥቅል ቁራጭ፣ ግራጫ፣ እጥፍጥፍ፣ አወጣ፤
"ይቺን እንያት" አለ።
ኦስትሮቭስኪ ሰዓቷን አየች፣ እሺ አለች፣
ቀደደች፣ አራሰች፣ በመርፌ ፈለቀቀች።
ረጃጅም፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ገለባ የተጠላለፈ፤
"የጥድ ሕዋስ ነው" አለች፣ "ነፍሱ ድሮ ያለፈ።
ግድግዳው ግን ይኸው እንደቆመ።"
ወረፋ የያዘው ልጅ ከኋላችን ጉሮሮውን ጠረገ፤
ቨርሊን አልሰማም። ይሥላል።
እርሳሱ ሲሰበር በሰንጢ ቀረጸ፣
ገጹ ሲሞላበት ጀርባውን ገለጠ።

ኦስትሮቭስኪ ሁለት ነጥብ ቀነሰችበት፣
የክፍሎቹን ስም በቀስት አላመለከተም ብላ።
ቫንግ ሥዕሉን ተቀብላ
ከለስላሳው መሸጫ ማሽን በላይ በአራት ስፒል ሰቀለችው።

ትናንት ከብየዳ ክፍል የወጣ ልጅ ቆሞ፦
"የየት ከተማ ካርታ ነው?" አለው።
ቨርሊን ሳንቲሙን እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል፦
"የድሮ ሰፈሬ።"
ማሽኑ ገንዘቡን ዋጠ፤ ምንም አልወረደም።
ልጁ በርግጫ ሊለው ሲቃጣ "ተው፣ እንደሱ አይደለም" አለና
ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣
ከጎኑ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ በመዳፉ አንዴ መታ።
ሁለት ጣሳ ወረደ።
አንዱን ለኔ ሰጠኝ፣ ብርቱካን።
ብርቱካን አልወድም። ጠጣሁት።